ትንሽ ያመጣ የሚያሸንፍበት ፈተና

ደብረ ታቦር ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የጉና ተራራ ነፋስ ወደ ከተማዋ መውረድ ሳይጀምር ባለችው ጥቂት ጊዜ፣ ቡና ቤት በረንዳ ላይ የቀረችውን ፀሐይ ተሻምተው የሚቀመጡ ጡረተኞችን ልብ ብላችሁ ካያችሁ፣ እጃቸው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ብዙም አይርቅም። ስኒው ሲቀርብ እጅ ወደ ኪስ ይገባል፤ ሊከፍሉ ነው ብላ የተንደረደረችው አስተናጋጅ ግን ባዶ እጇን ትመለሳለች። ከኪስ የወጣው የኪኒን እሽግ ነው። እሽጉን ወደ ብርሃን አቅንተው ስንት ፍሬ እንደቀረ ይቆጥራሉ፣ አንዷን በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ያወጣሉ፣ መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ጥቂት ያዩዋታል፣ ከዚያ ሚስታቸው «በቡና እንዳትውጣት» ያለቻቸው ትዝ ይላቸውና ውሃ ይጠይቃሉ። ውሃው እስኪመጣ ኪኒኗ መዳፍ ላይ ትቆያለች። የጎረቤቱ ዐይንም እዚያው ያርፋል።

ወጉ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። «የስንት ነው የምትወስደው?» ይላል አንዱ። «የዐሥር።» «እኔ በአምስቷ ነኝ» ይላል ጠያቂው፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ። የሚያወሩት ስለ አምሎዲፒን ነው፤ ለደም ግፊት የምትሰጠው ይህች ኪኒን አምስትም ዐሥርም ሚሊግራም ሆና ስለምትመጣ፣ እነሱ ከሐኪሙ ሳይጠይቁ ማዕረግ አበጅተውላታል። ቀጥሎ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፦ «ለመሆኑ በዚህ ወር ስንት አመጣህ?»

እነዚህ የድሮ የክፍል ጓደኛሞች ይህን ጥያቄ መጠያየቅ የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ከሃምሳ ዓመት በፊት የሒሳብ መምህሩ የታረመውን ወረቀት አድሎ ከክፍል ሲወጣ ይኸው ጥያቄ ይጠየቅ ነበር፤ ያኔም ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ የሚከት ነበር፣ ያኔም ማንም ሳይጠይቀው የሚናገር ነበር። አሁን የተለወጠው ሕጉ ነው። ያኔ ዘጠና ስምንት ያመጣ ይኩራራ ነበር፣ ዛሬ መቶ ሃያ በሰማንያ ያመጣ ይኩራራል። ዕድሜ ደግሞ ቀልድ አይጠፋውምና፣ ከአንደኝነት ወርዶ የማያውቀው የፊት ወንበር ተማሪ መቶ ሰባ ይዞ ሲመጣ፣ የኋላውን ግድግዳ ተደግፎ ሲያንቀላፋ የኖረው ሐኪም የሚመኘውን ቁጥር ይዞ ከች ይላል። «አንተማ ምን ይገርማል፣ ትንሽ ማምጣት ከልጅነትህ የለመድከው ነው» ይለዋል የፊት ወንበሩ፣ ቅናቱን በሳቅ ሸፍኖ። የኋላ ወንበሩም ሃምሳ ዓመት የጠበቀውን መልስ ይሰጣል፦ «ከፈለግህ ላስጠናህ።»

ቀልዱ ይቀጥል፣ ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። ደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምንም ሳይጮህ የሚኖር ነው፤ ቁጥሩ ከ140 በ90 አልፎ እየሄደ ባለቤቱ ደህና አድሮ ደህና ይውላል። በዓለም ላይ ይህ ችግር ካለባቸው ከ1 ቢሊዮን በላይ ጎልማሶችና አረጋውያን መካከል ግማሽ ያህሉ እንዳለባቸው አያውቁም ይላል የዓለም ጤና ድርጅት። ስለዚህ ጓደኛን «ስንት አመጣህ?» ብሎ መነትረክ፣ ላይ ላዩን ሲያዩት የሽማግሌ ሥራ መፍታት ቢመስልም፣ ጤና ጣቢያ ሄዶ ያልተለካውን ሰው በኀፍረትም ቢሆን እንዲሄድ ያደርገዋል። ባዶ ወረቀት ይዞ መቀመጥን ድሮም አይወዱም።

ግፊታቸውን የምትለካው ፈታኟ ራሷ ከክፍሉ ናት። በዚያ ክፍል ሴቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ከነሱ አንዷ እ.ኤ.አ. በ1954 በተከፈተው የጎንደር የጤና ትምህርት ቤት ተምራ፣ በደቡብ ጎንደር ወረዳዎች ስትሠራ ኖራ፣ በነርስነት ጡረታ ወጥታለች። የግፊት መለኪያዋን በዘንቢል ይዛ ብቅ ስትል በረንዳው ላይ ያለው ሁሉ ይቃናል፤ ጨው የበዛበት ነገር አፉ ውስጥ ያለ ሰው ቶሎ ይውጣል። መለካቱ ግን ቀላል አይደለም። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ሰዉ የሚለብሰውም እንደ ከፍታዋ ነው። ጋቢው ይወርዳል፣ ኮቱ ይወልቃል፣ ሹራቡ ይሳባል፣ ከሹራቡ ሥር ሌላ ሹራብ ይገኛል፣ በመጨረሻ የሸሚዙ እጅጌ ተጠቅልሎ ክንድ ሲወጣ ቡናው ቀዝቅዟል። ከዚያ ደግሞ «አምስት ደቂቃ ሳታወራ ተቀመጥ» ትላለች። ይህን ከባዱን የፈተና ክፍል ያለፈ እስካሁን አልታየም። ክንዱ እየተለካ አንዱ የሆነ ነገር ይናገርና ሌላው መልስ ሳይሰጥ ማለፍ ያቅተዋል፤ በሚለኩበት ጊዜ ማውራት ቁጥሩን ከፍ እንደሚያደርገው ስለነገረቻቸው፣ አሁን ሁሉም ከውጤቱ ላይ «የወሬውን» ቀንሶ ነው የሚናገረው። «መቶ ሃምሳ ነበር፤ ከወሬው በፊት መቶ አርባ እንበል።»

እሷን ከተማው በሙሉ «እትዬ» ይላታል፤ እነሱ «አንቺ» ይሏታል። እነሱንም ከተማው እንዲሁ ያከብራቸዋል። ከመካከላቸው አንዱን፣ ዕድሜውን በሙሉ መምህር የነበረውን፣ የቀድሞ ተማሪዎቹ ቆመው «አንቱ» ይሉታል፣ የባጃጅ ሹፌሩ «አባባ» ይለዋል፣ ልጆቹ አባት ነውና ይፈሩታል፣ ሚስቱ እንኳ በሰው ፊት ታከብረዋለች። ይህ ሁሉ ክብር ደስ ይላል፤ ይሁን እንጂ ክብር ሲበዛ ብርድ አለው። ሰው ሲያረጅ አንቱ የሚለው እየበዛ አንተ የሚለው እያለቀበት ይሄዳል። «አንተ ደደብ፣ ኪኒንህን ዋጥክ?» ብሎ የሚቆጣው ሰው የቀረው እዚያ በረንዳ ላይ ብቻ ነው። ልጁ እንዲህ ሊለው አይችልም፣ ሐኪሙም አይደፍርም። ስለዚህ ከመድኃኒት ቤት የማይገዛ ነገር ፍለጋ በየቀኑ ዳገት ወጥቶ ይመጣል።

ከመካከላቸው አንዱ ታሞ ቤት ሲውል ደግሞ ሌላው ሥርዓት ይጀመራል። ጠያቂ ባዶ እጁን አይሄድም፤ ስለዚህ ሁለት ኪሎ ስኳር ይይዛል። ታማሚው የስኳር ሕመምተኛ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ቢሆንም ከአባት ከእናት የታየው ይኸው ነውና ስኳሩ ይገዛል፣ በጋቢ ሥር ተደብቆ ይገባል፣ ለባለቤቲቱ በሹክሹክታ ይሰጣል። የተኛው ሰው ዐይኑን ከድኖ ሁሉንም ይሰማል። «እንዴት ነህ?» ሲሉት «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ይላል፤ ደህናነቱን እንዲህ ከፍ አድርጎ ካወጀ በኋላ እግሩ ማበጡን፣ ሌሊት እንቅልፍ እንደሌለው፣ ምግብ እንደማይወርድለት ሩብ ሰዓት ሙሉ ይዘረዝራል። ጠያቂዎቹ ዝርዝሩን ይሰሙና «እኔም እኮ» ይላሉ። «እኔም እኮ» ከተባለ በኋላ ወሬው ከታማሚው እጅ ይወጣል፤ ስለ ወገብ፣ ስለ ሪህ፣ ስለ ፕሮስቴት ይዞራል፤ ታማሚው ራሱን ቀና አድርጎ «ይሄማ ምንም አይደለም፣ የኔን ስማ» ማለት ሲጀምር ተሽሎታል ማለት ነው። ብቻውን የታመመ ሁለት ጊዜ ይታመማል፤ ተሰብስበው የታመሙት ግን ቢያንስ ይከራከራሉ።

ሐኪም ደግሞ በእግር ሂዱ ይላል። በቀን ሠላሳ ደቂቃ፣ ላብ ላብ እስኪል፣ ሳያቋርጡ። የመጨረሻዋ ቃል ደብረ ታቦር ውስጥ አትሠራም። አንድ ሰው በየሃያ እርምጃው ቆሞ እንዴት ዋልክ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ከብቱስ ካላለ ታምሟል ወይም ኮርቷል ተብሎ ይወራበታል። ስለዚህ ከከተማ ወጣ ብለው፣ ሰላምታ ወደሚቀንስበት ወደ ጋፋት አቅጣጫ ይሄዳሉ። ጋፋት የአፄ ቴዎድሮስ የጦር መሣሪያ መሥሪያ ነበረች፤ አውሮፓውያኑ ሚሲዮናውያንና ባለእጆች ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያፈሰሱባት ቦታ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ንጉሡ ደብረ ታቦርን ለቀው ያን ብረት እያስጎተቱ፣ ለሠረገላው መንገድ እያስቆፈሩ፣ ወራት ፈጅቶባቸው መቅደላ ደረሱ። ይህን ታሪክ ተጓዦቹ በደንብ ያውቁታል፤ የታሪክ መምህር የነበረው በየጉዞው ይተርከዋል። ታዲያ መልስ ላይ ዳገቱ ሲመጣና ወገብ መያዝ ሲጀመር፣ አንዱ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላል፦ «የኔ አያት ከጎታቾቹ አንዱ ነበሩ፤ የወገብ ሕመሜ የመጣው በዘር ነው።» ሐኪሙ ለዚህ የሚጽፈው ምርመራ እስካሁን አልተገኘም።

በዘመናዊ ሕክምና ብቻ የሚያምን ከመካከላቸው የለም፣ የማያምንም የለም። በአድቬንቲስት ሚሲዮናውያን የተጀመረው የደብረ ታቦር ሆስፒታል ዛሬ ትልቅ ሆኗል፤ የክትትል ካርዳቸው እዚያ ነው። ነገር ግን በበጋ አንድ ሳምንት ወደ ዋንዛዬ ይወርዳሉ። ዋንዛዬ በደራ ወረዳ፣ ጉማራ ወንዝ አጠገብ የሚፈልቅ ፍል ውሃ ነው፤ ቁርጥማት ያለበት ሁሉ ከሩቅም ከቅርብም ይመጣል። ከደጋው ብርድ ወርዶ ሙቅ ውሃ ውስጥ እስከ አንገቱ የተቀመጠ የሰባ ዓመት ሰው ፊት ላይ የሚታየውን የልጅ ፈገግታ በምን ሚሊግራም እንደሚለኩት አላውቅም። ነርሷ ይህን አትቃወምም። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ኪኒናችሁን ይዛችሁ ውረዱ።» እንዳየነው ግን እሷም ለጉልበቷ ትወርዳለች።

የዐይን ነገርም አለ። ደቡብ ጎንደር በትራኮማ ብዙ የተጎዳ አካባቢ ነው፤ የአማራ ክልል ጤና ቢሮና የካርተር ማዕከል ለዓመታት ፊት መታጠብን ሲያስተምሩ፣ መድኃኒት ሲያድሉ፣ ወደ ውስጥ የተቀለበሰ ሽፋሽፍት በቀላል ቀዶ ጥገና ሲያስተካክሉ ኖረዋል። ከጓደኞቹ አንዱ ግን ያስቸገረው የዐይን ሞራ ነበር፤ እርጅና ያመጣው። ለዓመታት ጓደኞቹን በድምፃቸውና በሳላቸው ነበር የሚለያቸው። ሞራው ተገፎለት፣ መሸፈኛው በተነሣ ማግስት በረንዳው ላይ መጥቶ፣ አንድ በአንድ ቀርቦ አያቸውና፣ ሁሉም እንኳን ደስ ያለህ ሊሉት ሲነሡ፣ በድንጋጤ «ውይ፣ እናንተ እንዲህ አርጅታችኋል?» አላቸው። እሱ በአእምሮው ይዟቸው የኖረው የሃምሳ ዓመት ጎልማሶች አድርጎ ነበር። እነሱም ከሱ መዳን ይልቅ የራሳቸው ማርጀት አሳዝኗቸው ቡናውን እሱ እንዲከፍል ፈረዱበት።

ይህ ክፍል ሙሉ ሆኖ ያደገ አይደለም። ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ከ10ኛ ክፍል በላይ የነበሩትን ወደ 60,000 ከሚጠጉት ተማሪዎችና መምህራን ጋር ወደ ገጠር በተናቸው፤ ከዚያ የመጣው ዘመን ደግሞ አንዳንዱን ወሰደ፣ አንዳንዱን አሰደደ። አንዱ ዋሽንግተን መኪና ያቆማል፣ አንዱ ትምህርቱን ትቶ ፎገራ ላይ ሩዝ ያመርታል። ፎገራ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዷ ስለነበረች፣ ገበሬው ጓደኛ የመድኅን ደብተሩን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ከመታወቂያው ጋር ይዞ ይዞራል፤ ዋሽንግተን ያለው ስለ ሕክምና ወጪ ባማረረ ቁጥር ደብተሩን ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ይልክለታል። ሩዙ ራሱ የክርክር ምንጭ ነው፤ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራውን የሚያነጣውን ሩዝ፣ ስኳር ያለባቸው ጓደኞቹ «ጠላታችንን የምታመርተው አንተ ነህ» ይሉታል።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቴሌግራሙ ዝም አለ። መንገድም የሚዘጋባቸው ቀናት መጡ፤ የሪፈር ቀጠሮ ያለው ሰው ሻንጣውን አዘጋጅቶ የሚጠብቅባቸው፣ መድኃኒት ቤት «ነገ ይምጡ» የሚልባቸው። ያኔ ከእሽጋቸው አምስት ፍሬ ቆጥረው ለሌላው የሰጡ ነበሩ። ነርሷ ስትሰማ ተቆጣች፤ የሰው መድኃኒት አይወሰድም ብላ። መድኃኒቱ አንድ ዓይነትና የአንድ ልክ መሆኑን አገላብጣ ካየች በኋላ ግን ሁለት ፍሬ ከራሷ ጨመረች።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ከዋሽንግተን የመጀመሪያው መልእክት ስለ አንድ ጥናት ነበር። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1938 ጀምሮ 268 ተማሪዎቹን እስከ እርጅናቸው ሲከታተል፣ ደማቸውን ሲመረምር፣ ስለ ትዳራቸውና ስለ ወዳጆቻቸው ሲጠይቅ ኖሮ፣ በሃምሳ ዓመታቸው በወዳጅነታቸው የረኩት ሰዎች በሰማንያ ዓመታቸው የተሻለ ጤና እንደነበራቸው አገኘ። በረንዳው ላይ መልእክቱ ጮክ ብሎ ተነበበ። ጥቂት ዝም ከተባለ በኋላ የኋላ ወንበሩ «እና ይህን ለማወቅ ሰማንያ ዓመት ፈጀባቸው?» አለ።

የነሱ ጥናት የተያዘው በአንድ ደብተር ነው። የክፍል አለቃ የነበረው ሰው ሥልጣኑን እስካሁን አልለቀቀም። ጥር 25፣ ደብረ ታቦር በፈረስ ጉግስ በምትደምቅበት በመርቆሬዎስ በዓል፣ ከየአገሩ የመጡት ሲሰበሰቡ ደብተሩን አውጥቶ ስም ይጠራል። የመጣ «አቤት» ይላል፣ በሰባ ዓመቱም ቢሆን ከወንበሩ ብድግ ብሎ። ያረፈ ሰው ስም ሲጠራ ሁሉም «ነፍስ ይማር» ይላሉ፤ ስሙ ግን ከዝርዝሩ አይሰረዝም። ታሞ ያልመጣውን አለቃው «ቀሪ» አይለውም፤ «በፈቃድ» ብሎ ይጽፋል።

ከጥሪው በኋላ የማኅበራቸው ድግስ ተራ ይመደባል። ባለፈው ጊዜ ካንሰር ያለበት ጓደኛ፣ ለጨረር ሕክምና ጥቁር አንበሳ ተመላልሶ የከሳው፣ ኮቱ የሰፋበት፣ እጁን አወጣ። ቅርቡ ተራ ይሰጠኝ ሊል ነው ብለው ሁሉም በልባቸው ለመፍቀድ ተዘጋጁ። እሱ ግን «የመጨረሻውን ለኔ» አለ። የመጨረሻው ተራ የሚደርሰው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። ከፊሉ ስኒውን አየ፣ ከፊሉ ውጭ የሚያልፈውን ፈረስ። አለቃው ቀና ሳይል ጻፈና፣ ያንኑ የድሮ የአለቃ ድምፁን አውጥቶ «ተመዝግቧል፤ በግህን ከአሁኑ ማደለብ ጀምር፣ ያለ ጨው የተሠራ ወጥ ግን አልበላም» አለው። ነርሷ ስለ ጨው ልትናገር አፏን ከፍታ፣ ተወችው።

የሽማግሌ ተስፋ ከቀጠሮ አይበልጥም፤ ከቀጠሮም አያንስም። እድናለሁ ብሎ የሚምል ከመካከላቸው አልሰማሁም፤ ለመጪው ጥር አልመጣም ያለም አልሰማሁም። እናንተም ስልካችሁ ውስጥ ስሙ ብቻ የቀረ የክፍል ጓደኛ አይጠፋችሁም። ዛሬ ደውሉለት፤ «አንተ» ብላችሁ ጀምሩ፣ ስንት እንዳመጣ ጠይቁት፣ አልተለካሁም ካለ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ በር ላይ ቅጠሩት። ስትሄዱ ስኳር አትያዙ።